የካቲት 1968 በድሬዳዋ ስታዲየም፦ የአንድ ምድብ ትዝታ ሲጣራ

አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲዘጋጅ ስምንቱ ቡድኖች በሁለት ከተማ ተከፈሉ። ኢትዮጵያ፣ ጊኒ፣ ግብፅና ኡጋንዳ አዲስ አበባ ቀሩ። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ድሬዳዋ ወረዱ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን የድሬዳዋውን ምድብ ነው፦ ከመዝገብ ምን ተረፈ፣ በደጋፊ አፍ ምን ይነገራል፣ ሁለቱ ሲጋጩስ እንዴት ይጣራል?

ስታዲየሙ የተዘጋ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ድሬዳዋ አንዷ ነበረች። እየተመናመነ ያለው ምስክሩ ነው። ያኔ የ15 ዓመት ጎረምሳ የነበረ ሰው ዛሬ 60ዎቹን አጋምሷል፤ ሙሉ ሰው ሆኖ ጨዋታውን ያየው ደግሞ ወይ አልፏል ወይ ስሙን እንጂ ውጤቱን አያስታውስም። ስለዚህ የምስክሮቹን ቃል በድምፅ የመቅረጹ ሥራ ዘንድሮ ካልተደረገ ለከርሞ የሚተርፈው ከሰሚ የሰማ ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ መዝገቡ። ሰኞ የካቲት 22 ቀን 1968 ዓ.ም. ናይጄሪያ ዛየርን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ሞሮኮና ሱዳን 2 ለ 2 ተለያዩ። ሐሙስ የካቲት 25 ሞሮኮ ዛየርን 1 ለ 0፣ ናይጄሪያ ሱዳንን 1 ለ 0 ረቱ። ቅዳሜ የካቲት 27 ሱዳንና ዛየር 1 ለ 1 ወጡ፤ ሞሮኮ ናይጄሪያን 3 ለ 1 አሸነፈች። ስድስት ጨዋታ፣ 18 ጎል። በዘመኑ ለድል የሚሰጠው 2 ነጥብ ስለነበር ሞሮኮ 5፣ ናይጄሪያ 4፣ ሱዳን 2፣ ዛየር 1 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ሁለቱ የበላዮች ወደ መጨረሻው ዙር አለፉ፤ ያ ዙር የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረውም፣ አራት ቡድኖች እርስ በርስ ተጋጥመው ነጥብ ተቆጠረ። አዲስ አበባ ላይ ሞሮኮ ከጊኒ 1 ለ 1 ወጥታ ዋንጫውን ወሰደች። አጥቂው አህመድ ፋራስ የነበረበት ያ የሞሮኮ ቡድን ዋንጫውን ሲያነሳ የታየው አዲስ አበባ ይሁን እንጂ ጉዞውን የጀመረው ድሬዳዋ ላይ፣ ያውም ከሱዳን ጋር ነጥብ ተጋርቶ ነው።

ምድቡ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ብዙ ሰው ልብ አይልም። ሱዳን በ1970 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች። ዛየር በ1968 እ.ኤ.አ. ኮንጎ ኪንሻሳ በሚል ስም፣ በ1974 ደግሞ በዛየርነቷ ዋንጫ በልታለች፤ በዚያው በ1974 ምዕራብ ጀርመን ላይ ዓለም ዋንጫ ተጫውታለች። ሞሮኮ ይህንኑ የ1968 ዓ.ም.፣ በፈረንጁ የ1976 ዋንጫ ወሰደች። ናይጄሪያ ከአራት ዓመት በኋላ ተከተለች። አራቱም ቡድኖች በ12 ዓመት ውስጥ ሻምፒዮን የሆኑ ናቸው። ያን ሁሉ በአንድ ሳምንት ያየ ሕዝብ ትዝታው ቢደበላለቅ አይፈረድበትም።

የት ላይ ይሳሳታል?

ትዝታ ዝም ብሎ አይሳሳትም፤ የሚሳሳትበት ቦታ ይታወቃል። በዚህ ጉዳይ ትልቁ ወጥመድ 1968 የሚለው ቁጥር ነው። ኢትዮጵያ በ1968 እ.ኤ.አ.ም የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጅታ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 1960 ማለት ነው። ያኔ ሁለቱ ከተሞች አዲስ አበባና አስመራ ነበሩ፣ ድሬዳዋ አልነበረችም። ያንን ዋንጫ ጋናን 1 ለ 0 ረትታ የወሰደችው ደግሞ ኮንጎ ኪንሻሳ፣ የኋላዋ ዛየር ናት። እንግዲህ አንድ አባት «በ68 ኮንጎ እዚህ መጥታ ነበር» ቢሉ እውነት ነው፤ «በ68 ኮንጎ ዋንጫውን በላች» ቢሉም በፈረንጁ እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያስሩት ግን ስህተት ይወለዳል፦ በ1968 ዓ.ም. ዛየር ድሬዳዋ ላይ አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ከምድቡ መጨረሻ ሆና ነው የተመለሰችው። በኢንተርኔት የሚዞሩ ፎቶዎችም በዚሁ ምክንያት ተዛንፈዋል። «ኢትዮጵያ 1968» የሚል መግለጫ ያለው ፎቶ ሲያጋጥም የመጀመሪያው ሥራ የየትኛው 1968 እንደሆነ መለየት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ 4 ለ 2 ነው። ኢትዮጵያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ በጭማሪ ሰዓት አሸንፋ ዋንጫ የበላችው 4 ለ 2 ነው፤ ናይጄሪያ ዛየርን ያሸነፈችውም 4 ለ 2። በሬዲዮ የሰሙት አንዱና በዓይን ያዩት ሌላው በአንድ ውጤት ስለሚጠሩ ከ40 እና 50 ዓመት በኋላ ይቀላቀላሉ። ሲጠየቁ «ስንት ለስንት?» ብሎ መጀመር ለዚህ ነው የማይጠቅመው፤ «የመጀመሪያውን ጎል ማን አገባ? ከየትኛው ጎል በኩል?» ብሎ መጀመር ይሻላል።

ሦስተኛው፣ ኢትዮጵያን ድሬዳዋ ላይ አየሁ የሚል ነው። በዚያ ውድድር የኢትዮጵያ የምድብ ጨዋታዎች አዲስ አበባ ነበሩ፦ ኡጋንዳን 2 ለ 0 አሸነፈች፣ በጊኒ 2 ለ 1 ተረታች፣ ከግብፅ 1 ለ 1 ወጣች፣ በዚያው ቀረች። እንዲህ የሚል ተናጋሪ ሲገኝ ግን ዋሽቷል ብሎ መዝጋት ስንፍና ነው። የወዳጅነት ጨዋታ፣ የክለብ ጨዋታ ወይም አዲስ አበባ ሄዶ ያየው ሊሆን ይችላል። ቦታውን መጠየቅ ይበጃል። «ካታንጋ ነበርኩ» ወይም «ሚስማር ተራ ቆሜ» ካሉ ነገሩ ተፈታ፤ እነዚህ የአዲስ አበባ ስታዲየም ሰፈሮች ናቸው።

የሞሮኮና የናይጄሪያን ግጥሚያ በተመለከተ ደግሞ «2 ለ 1 ነው ያለቀው» የሚል ካለ ቶሎ አይታረም። ሁለቱ በመጨረሻው ዙር እንደገና ተገናኝተው ሞሮኮ 2 ለ 1 አሸንፋለች። ተናጋሪው ምናልባት ከጠያቂው የተሻለ ያስታውሳል።

ቀኑን በምን መያዝ ይቻላል?

ሰው ቀን አይቆጥርም፣ በዓልና ክፉ ቀን ይቆጥራል። እድለኛ ሆነን ያ ሳምንት በምልክት የተሞላ ነው። በ1968 ትንሣኤ ሚያዝያ 17 ስለዋለ ዐቢይ ጾም የገባው ሰኞ የካቲት 22 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች የተደረጉት በቅበላ ማግስት ነው ማለት ነው። በማግስቱ የዓድዋ በዓል ነበር። ሐሙስ የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀበት አንደኛ ዓመት ነው። መውሊድ የዋለው ደግሞ የምድቡ ጨዋታ ካለቀ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ክርስቲያኑን «ጾም ገብቶ ነበር ወይስ ገና?»፣ ሙስሊሙን «መውሊድ አልፎ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከካሌንደር ይበልጣል። ስጋ በልቶ ወደ ስታዲየም ሄድኩ የሚል ጿሚ ሌላ ጨዋታ ነው የሚያወራው።

ሁለተኛው መለያ ጦርነቱ ነው። ነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ፤ የከተማው ሰው ዘመኑን ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ብሎ ይከፍለዋል። ምድቡ ከጦርነቱ 17 ወር ገደማ ይቀድማል። «ከጦርነቱ በኋላ ነው» የሚል ትዝታ የምድቡ አይደለም፣ የሊግ ነው።

ሊጉ ራሱን የቻለ የቁጥር ጣጣ አለው። የድሬዳዋ ፋብሪካ ቡድኖች በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1965 የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ለማንም አላስነኩም፦ ኮተን፣ ማለትም ጥጥ ማኅበር፣ በ1960፣ 1962፣ 1963 እና 1965፤ ኢትዮ ሲሚንት በ1961 እና 1964። ኮተን በ1983 አንድ ጊዜ ደግሟል። የ1954 ዓ.ም.ን የአፍሪካ ዋንጫ በአምበልነት ያነሳው ሉቺያኖ ቫሳሎ የኮተንን ማሊያ ለብሷል። ክለቡ በመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫም ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በ1957 ዓ.ም. አክራ ላይ በማሊው ስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸንፏል። አሁን «በ75 ዋንጫ በልተናል» የሚል የኮተን ደጋፊ ትክክል ነው፤ 1975 ዓ.ም. የፈረንጁ 1983 ነው። ቃሉን የሚቀርጸው ሰው ግን «1975» ብሎ ጽፎ ከእንግሊዝኛ ዝርዝር ጋር ሲያመሳክር የሌላ ክለብ ስም ያገኝና ሽማግሌውን ያርማል። ድሬዳዋ ላይ ከተጻፉ ስህተቶች ይህን ያህል የሚያናድድ የለም፤ የሚታረመው ሰውዬው ሳይሆን ወረቀቱ ነበር።

ስምም ይለዋወጣል። ኮተን፣ ጥጥ ማኅበር፣ ጨርቃ ጨርቅ ሦስት ክለብ እየመሰሉ ይመዘገባሉ። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ከተወረሰ ወዲህ አጠራሩ ተቀየረ እንጂ ሰፈሩ ያው ሰፈር ነው። ተናጋሪው የተጠቀመበት ስም እንዳለ ይጻፍ፤ የትኛውን ስም እንደጠራ ራሱ ዘመኑን ይጠቁማል።

ቀረጻው

ድሬዳዋ ላይ ወሬ የሚወራው በርጫ ላይ ነው፤ ኳስም እንደዚያው። ይህ ጥሩም መጥፎም ነው። ጥሩነቱ ሰው ይዘረጋል። መጥፎነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀድሞ የተናገረውና ድምፁ የጎላው የሁሉንም ትዝታ ይቀርጻል፤ «እንዴ ረሳኸው እንዴ» ከተባለ በኋላ ራሱን የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ምርቃና ሲገባ ጎሉ ከ20 ሜትር ወደ 40 ሜትር ይርቃል። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው። እያንዳንዱን ሰው አስቀድሞ ለብቻው፣ በጠዋት፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ መቅዳት። በርጫው ለኋላ ይቆይ፤ እዚያ የሚፈለገው ውጤት አይደለም፣ ዜማው፣ ቅጽል ስሙ፣ ማን ማንን እንደሰደበ ነው። አንድ ሰው ለብቻው ያለውንና በቡድን ያለውን በሁለት ፋይል ለይቶ ማስቀመጥ ግድ ነው።

አክብሮቱ እንደ ሰውዬው ነው፤ ጋሼ የሚባል ጋሼ፣ ሐጂ የሚባል ሐጂ ይባል። ቋንቋም አይገደድ። በአማርኛ ጀምሮ ጎሉ ጋ ሲደርስ ወደ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚሻገር ሰው ሞልቷል፤ ያቺ ናት ትክክለኛዋ ሰከንድ፣ «በአማርኛ ይድገሙልኝ» ብሎ ማቋረጥ አይገባም። ትርጉሙ በኋላ ይሠራል።

ቀረጻ የሚያበላሸው የድሬ ጠላት ሙቀቱ ሳይሆን ቬንቲሌተሩ ነው። ጣሪያ ላይ የሚዞረው ለጆሮ አይሰማም፣ በስልክ ላይ ግን ንግግሩን ሁሉ እንደ ዝናብ ይሸፍነዋል። ስልኩን ከአፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ጨርቅ ላይ ማኖር፣ የቁም ቬንቲሌተር ከሆነ ከስልኩ ጀርባ ሳይሆን ከተናጋሪው ጀርባ እንዲነፍስ ማዞር። ማጥፋት አይቻልም፤ ማንም አይታገስም። ከመጀመር በፊት 20 ሰከንድ ቀድቶ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ያድናል።

ከዚያ በኋላ ስታዲየም ይዞ መሄድ ነው። ቤት ውስጥ «በፀሐይ በኩል ነበርኩ» ያለ ሰው ሜዳው ዳር ሲቆም በጣቱ መደዳውን ያሳያል፤ ከዚያ ሆኖ የትኛው ጎል ቅርብ እንደነበር፣ ኳሱ ከየት ወደ የት እንደሄደ በራሱ ጊዜ ይወጣል። የስታዲየሙን አስተዳደር በደብዳቤ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ የቡድን ልምምድ የሌለበት ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይመረጣል። ከዚያ በኋላ መደዳው ይግላል፣ 70 ዓመት የሞላውን ሰው እዚያ ላይ ማስቀመጥ ግፍ ነው።

ፎቶው ላይ ያለው ጥላ

የቤተሰብ አልበም ውስጥ የተገኘ የስታዲየም ፎቶ በጀርባው ምንም ካልተጻፈበት ጥላው ይናገራል። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። የካቲት ማብቂያ ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት ትንሽ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ስለዚህ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሰኔ ላይ ተገላቢጦሽ ነው፣ ጥላው ወደ ደቡብ ነው። በየካቲት ማብቂያ ቀትሩ ራሱ ከሰዓቱ ዘግይቶ 6 ሰዓት ከ25 አካባቢ ነው የሚውለው። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ 34 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ሆና 1.75 ሜትር የሚረዝም ተጫዋች 2.6 ሜትር ጥላ ይጥላል፤ 11 ሰዓት ላይ 5 ሜትር ይደርሳል። በየካቲት የ10 ሰዓት ጥላ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በሰኔ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። የጎሉን አቅጣጫ በስልክ ኮምፓስ ቦታው ላይ ለክቶ ከፎቶው ጋር ማመሳከር ነው። ጥላው ዓመቱን አይነግርም፤ ወቅቱንና ሰዓቱን ግን ይነግራል፣ በሰኔ የተነሳ ፎቶ ደግሞ የምድቡ ሊሆን አይችልም። ከደመና በታች የተነሳ ከሆነ ዘዴው አይሠራም።

ፎቶውን ለመቅዳት ስካነር ካለ በ600 ዲፒአይ፣ ከሌለ በመስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጎ። የጀርባው ማኅተምም ይነሳ፤ የፎቶ ቤቱ ስም ዘመን ይጠቁማል። የሚያጣብቅ ገጽ ያላቸው አልበሞች ላይ ፎቶውን ለመንቀል አይሞከር፣ ቀለሙ ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል። በሐምሌ 1998 ማለቂያ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲሞት ቤቶች ከነዕቃቸው ተጠርገዋልና ከወንዙ አጠገብ ካሉ ሰፈሮች የተረፈ አልበም ሲገኝ በዚያው ቀን መቅዳት ነው። ነገ እንመለሳለን አይባልም።

ስንት ሰው ገባ?

«ከ40 ሺህ በላይ ነበርን» የሚል ንግግር ያልሰማ የኳስ ሰው የለም። መልሱ ያለው በሜትር ነው። የ50 ሜትር ፕላስቲክ ሜትርና ጠመኔ ይዞ እያንዳንዱን የመደዳ ረድፍ መለካት፣ የመተላለፊያውን ስፋት መቀነስ፣ ለአንድ ተቀማጭ 50 ሳንቲ ሜትር ማካፈል። 100 ሜትር ርዝመት ያለው ረድፍ 200 ሰው ያስቀምጣል፤ 12 ረድፍ ከሆነ 2,400። ለቆመ ሰው በስታዲየም ደኅንነት የሚፈቀደው ጣሪያ በ10 ካሬ ሜትር 47 ሰው ነው። በዚህ ስሌት 40 ሺህ ሰው ለማቆም 8,500 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል፤ 105 በ68 የሆነ ሜዳ ራሱ 7,140 ብቻ ነው። ከሜዳው የሚሰፋ መደዳ የለም ከተባለ ቁጥሩም የለም። ሆኖም ከግንብ በላይ፣ ከዛፍና ከጣሪያ ያየው ሰው በዚህ ስሌት አይገባም፤ ትኬት ያልገዛው ተመልካች ለብቻው ይጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ወሬ ያለው እሱ ነው። ዛሬ የሚለካው መደዳም የ1968ቱ መሆኑ መጣራት አለበት፣ ስታዲየም እየተጨመረበት ነው የሚያድገው።

አሮጌውን ክፍል ከአዲሱ ለመለየት ልስኑን ማንበብ ይቻላል። ቀላል መዶሻ ይዞ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ቀስ ብሎ መንኳኳት፤ ጠንካራው ኮንክሪት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ከውስጥ የለቀቀው እንደ ባዶ ጣሳ ያስተጋባል። የሚለቀው ፌሮው ሲዝግ ነው፦ ዝገት ከብረቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚፈልግ ከውስጥ ሆኖ ኮንክሪቱን ይገፋዋል፣ መጀመሪያ በፌሮው መስመር ቀጭን ስንጥቅ ይወጣል፣ ቀጥሎ ቡናማ እድፍ፣ በመጨረሻ ቁራጩ ይወድቃል። ባዶ ድምፅ በሰጠ መደዳ ሥር ማንንም አለማቆም፣ በጠመኔ አክብቦ ለአስተዳደሩ ማሳወቅ። መፈልፈል የመሐንዲስ ሥራ ነው። የተላጠ ቀለም ካለ ግን ከጎን ፎቶ ይነሳ፤ በየበዓሉ ስለሚቀባ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ ቀለም ይኖራል፣ ከሥሩ የድሮ ጽሑፍ የሚታየው ጠዋት ፀሐይዋ ግድግዳውን በጎን ስትልሰው ነው።

የተቀዳው ሁሉ በሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ ከድሬዳዋ ውጭ ቢሆን ይመረጣል። የፋይሉ ስም በዓመተ ምሕረት ይጀምር፣ የፈረንጁ ይከተል፣ ለምሳሌ «1968-1976-ሐሙስ-ሱዳን»። ተናጋሪው ያለው ዓመት ከመዝገቡ ከተለየ ሁለቱም ይጻፉ፤ የእሱ ቁጥር አይሰረዝም። ስሙ እንዲወጣ ካልፈቀደ ሰፈሩና ያኔ የነበረው ዕድሜ ይበቃል፦ ከዚራ፣ 17 ዓመት፣ በፀሐይ በኩል።